ፍርሃት፦ ማክሰኞ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት

በየቤተሰቡ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ የሚዘረጋ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ቤት ከሌለ የእኔን ላውሳችሁ፤ ባሌ ነው። በአንድ ቀለም ፋብሪካ የእሳት አደጋ መከላከል አሠልጣኝ ነው። እኔና ጎረቤቶቼ ክቡር አቶ ልምምድ እንለዋለን። «ያልተለማመዱት ነገር ሁሉ አደጋ ነው!» ይላል፣ ጥርሱን እየቦረሸም ጭምር።

የመጀመሪያ ልጃችንን ማርገዜን ስነግረው እንደ ሰው አላቀፈኝም፤ ፊሽካውን ፈለገ። በሳምንቱ ከመኝታ ቤት እስከ ውጭው በር ድረስ የቀስት ምልክት ለጠፈ። ፍሪጁ ላይ ደግሞ «የመንፈስና የአእምሮ ዝግጅት» የሚል የጊዜ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰኞ መተንፈስ፣ ረቡዕ ደስታ፣ ዓርብ ትዕግሥት። ማክሰኞ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፍርሃት።

የእኔ ፍርሃት ግን ሰሌዳ አያነብም። አንድ ሐሙስ ሳህን እያጠብኩ እንባዬ መጣ።

«ፈራሁ እኮ» አልኩት።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ማክሰኞ ታነሺዋለሽ።»

ማክሰኞ ሲደርስ ፍርሃቱ አልመጣ አለኝ። ቅር ብሎት መዝገቡ ላይ «ተባባሪ አይደለችም» ብሎ ጻፈብኝ።

ከዚያ የደረጃው ልምምድ መጣ፤ አራት ፎቅ በሦስት ደቂቃ። ስምንት ወር ስለሞላኝ «በዚህ ሆድ ንቅንቅ አልልም» አልኩ። በእኔ ምትክ አባቴ ተመደበ። አባዬ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ናፍቆታል። ትራስ ካፖርቱ ሥር አስሮ፣ አማቹን ተደግፎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያምጥ ጀመር። ከልቡ ስለሚያምጥ የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ውኃ ይዛ ወጣች፤ «አይዞዎት አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት!»

«ከአንቺ ይሻላሉ» ይለኛል ባሌ፣ ሰዓቱን እያየ።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ «ኧረ ምጥ ጀመረኝ!» ብዬ ጮህኩ። ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። ፊሽካውን ነፋ፣ ቦርሳውን አነሳ፣ ለልምምድ የመጣውን የአባቴን ክንድ ያዘ፣ ወረደ። አባዬም ልማድ ሆኖበት እያቃሰተ ተከተለው። ግድግዳ ተደግፌ በመስኮት ሳይ ሁለቱም ታክሲ ውስጥ ገቡ። ታክሲውም ሄደ።

ያወጣን ሹፌሩ ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ጌታዬ፣ የሚወልዱት እኚህ ሽማግሌ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

ባሌ አራቱን ፎቅ ሮጦ ሲመለስ እየዳሁም ቢሆን በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ልሰድበው አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ ዘጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«የአባትሽ ምጥ ውሸት ነው፤ የእሳቸውን እችላለሁ» አለኝ። «አንቺ ስትጮኺ መስማቱን ግን አልተለማመድኩትም። ፈራሁ።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አልኩት።

እሱ እያለቀሰ፣ እኔ እያማጥኩ ሳቅን። አራቱን ፎቅ ተያይዘን፣ እየፈራን ወረድን። ብዙ ደቂቃ ፈጅቶብናል፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን አላየም።

ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ያለ ልምምድ። አባዬ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ተገላገልን» ይላል።

ቤት በገባን ቀን ክቡርነቱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ማክሰኞን ሰረዘና በቦታው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ፍርሃት፦ በማንኛውም ቀንና ሰዓት፣ ሁለታችን በተገኘንበት።»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩበት።