ማኅተም ያለበት ጃለሌ

ስለ ጠጅ የወጣ ሕግ ሳነብ ሰካራም የጻፈው ይመስለኛል። ቆይቼ ሳስበው ግን የጻፉት የማይጠጡ ሰዎች ናቸው። ሰካራም እንዲህ አይሳሳትም።

እኔ አሁን አልጠጣም። በደርግ ጊዜ፣ ከሚሴ ላይ ማሽላ በጆንያ ስሸከም ግን እጠጣ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ ማውራት አልወድም። ጀርባዬ እስከ ዛሬ ያወራል፣ ይበቃል። ስለ አንዲት ወረቀት ብቻ ልንገራችሁ።

ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔና እሱ እንዋደድ ነበር። "ምን አለበት፣ ሰው ወንድሙን ይወዳል" የምትሉኝ ከሆነ፣ እንደዚያ አይደለም። ሌላው ዓይነት ነው። ከዚህ በላይ አላብራራም፤ የገባው ገባው። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደ ማንም ሰው "አካም" ተባብለን እናልፋለን። ሱሪዬ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀደዳል። ጫኝ ጓደኞቼ "አንተ ጆንያውን የምትሸከመው በጉልበትህ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ቁጭ ብለን የምናወራበት ቦታ አልነበረንም። የሱ በረንዳ ላይ ሰው አይጠፋም። እኔ የምኖረው ደግሞ አጎቴ አያ ይመር ቤት ነው። አያ ይመር ሶላት የማያልፈው፣ ጠጅ የሸተተውን መንገድ ዞሮ የሚሄድ ሰው ነው። እናትና አባቴ ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከሱ ቤት ብባረር የምገባበት አልነበረኝም። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ጊዜ አዲስ ካድሬ ተመደበልን። መጠጥ ቤት በጣም ያሳስበው ነበር። ስብሰባ ጠርቶ አስረዳን። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ያሴራል አለ። ሦስት ሆነው የሚጠጡ ያለ ፈቃድ ተሰበሰቡ ማለት ነው አለ። ወንድና ሴት ሆነው የሚጠጡ የአሮጌው ሥርዓት ብልግና ነው አለ። ቁጭ ብለን ቀነስነው። የቀረው ሁለት ወንድ ነው። አያችሁልኝ? መንግሥት አስቦ፣ አስቦ፣ እኔና ሰይድ ጋ ደረሰ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም።

ስለዚህ ማንም ጠጪ አንድ ጓድ ይዞ ቀበሌ ይመዘገባል። እሱ ጓዱን ይጠብቃል፣ ጓዱ እሱን ይጠብቃል። ያለ ጓዱ ለመጣ ሰው ጠጅ አይቀዳለትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ወደ ቤቱ።

እስከዚህ ደህና። ካድሬው ግን ሕዝቡን በቋንቋው ካላናገርኩ ባይ ነበር። "ጓድን በኦሮምኛ ምን ትሉታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። "ጃሌ" አሉት። ጻፈ። በሳምንቱ ጨፋ ሠርግ ተጠራ። እዚያ ልጃገረዶቹ "ጃለሌ፣ ጃለሌ" እያሉ ሲዘፍኑ ሰማ። ይቺኛዋ ረዘም ትላለች፣ አክብሮት ይኖርባታል ብሎ ደመደመ። አንዲት "ለ" ጨመረ። ጃለሌ ማለት ፍቅረኛ ማለት ነው። ማን ይንገረው? ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቋንቋው አይታረምም።

ማስታወቂያው ዘነበች ጠጅ ቤት በር ላይ ተለጠፈ። "ጃለሌ የሌለው መግባት ክልክል ነው" ይላል። ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ከብታቸውን አቁመው አነበቡት። ጠጅ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች ለመሳቅ ብቻ ከሩቅ መጡ።

ምዝገባው ደግሞ ባሰ። የቀበሌው ጸሐፊ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ የእናቱ ቋንቋ ነው። ፊቱ ግን አይፈታም። ከፊቴ የተሰለፈውን ሥጋ ሻጭ "ጃለሌህ ማነው?" አለው።

"ሚስቴ ናታ።"

"ሚስት አይሆንም። ወንድ አምጣ።"

"ወንድ ከየት ላምጣ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ቀጥል።"

ሥጋ ሻጩ እየተራገመ ወጥቶ ወፍጮ ቤት ያለውን ባላንጣውን ይዞ ተመለሰ።

ተራዬ ደረሰ፤ ሰይድ ከጎኔ ቆሟል። "ጃለሌህ ማነው?" አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ።

"ሰይድ" አልኩ።

"በፈቃድህ?"

"በፈቃዴ።"

"አንተስ?"

"በፈቃዴ" አለ ሰይድ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጸሐፊው የሁለታችንን ስም ሁለት ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም መታና ለየራሳችን ሰጠን። ኒካ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የወጣትነቴ ደግ ሳምንታት ናቸው። በአሥር ሰዓት እንገባለን፣ አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፣ ማንም ቀና ብሎ አያየንም። አንድ ቀን ሰይድ አመመውና ብቻዬን ብሄድ ዘነበች "ጃለሌህን ይዘህ ና፣ ሕግ ነው" ብላ መለሰችኝ። ጥግ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ይቀመጡ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ሕጉን የሚያከብሩ። አዩን፣ አየናቸው። ብርሌያችንን ትንሽ ከፍ አደረግን።

ታዲያ ከአውራጃ አንድ ኦሮምኛ የሚያውቅ ባለሥልጣን መጣ። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ካድሬውን ዞር ብሎ "አንተም ጃለሌ አለህ?" አለው። ካድሬው ቀጥ ብሎ ቆመና "አዎን ጓድ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው ተቀደደ። ወረቀት ያለው ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ይመልስ፣ ያልመለሰ ለምን እንደፈለገው ይጠየቃል ተባለ። ሥጋ ሻጩ ሮጦ መለሰ። ሰይድም መለሰ። "መልስ፣ ታስጨርሰናለህ" አለኝ። እኔ አቃተኝ። የሱና የኔ ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት ሌላ ወረቀት በዓለም ላይ የለም። ከምተኛበት ጀንዲ፣ ከቁርበቱ ሥር ደበቅኩት።

የፈሩት ይደርሳል። አያ ይመር ጀንዲውን ፀሐይ ላስመታ ብሎ ሲያነሳ አገኘው። እሱ ደግሞ ያን ሰሞን መሠረተ ትምህርት ጨርሶ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የክብሪት ቀፎ እንኳ አያልፈውም። ጠራኝ። "ተቀመጥ" አለኝ።

በጣቱ እየተከተለ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። ስሜን አነበበ። የሰይድን ስም አነበበ። ቀጥሎ "ጃ… ለ… ሌ" አለ። ቆመ። ተመልሶ አነበበው። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ነው። እኔ በሩን አየሁ። ባቲ ብሄድ ማን ያሳድረኛል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ጣቱ ወረደ። "ጠ… ጅ… ቤት።"

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረው። "አስተግፊሩላህ" አለ ቀስ ብሎ። "ጠጅ ትጠጣለህ?"

"አዎ፣ አያ።"

"እኔ ቤት እያደርክ?"

ወረቀቱን መልሶ አነሳ።

"ይሄ ሰይድ ሰፊው ነው? እሱም ይጠጣል?"

"ይጠጣል።"

"ነገ ይዘኸው ና" አለኝ። "ከእንግዲህ የምትቀመጡት እዚህ ነው፣ ዓይኔ ሥር። ሐራም በአፋችሁ እንዳይዞር።"

"ወረቀቱ መልሱ ተብሏል፣ አያ።"

"ማኅተም ያለበት ነገር ከቤት አይወጣም" አለና አጥፎ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱ ጋር ቆለፈበት።

ሰይድ በማግስቱ መጣ። ሰው እስኪያወራበት ሳይሆን፣ እስኪለምደው ድረስ ለዓመታት መጣ። አያ ይመር በየቀኑ ትንፋሻችንን ያሸት ነበር። ገብቶት ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

እና ምክሬን ስሙ፦ ጠጅ ይቅርባችሁ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ አልቀመስኩም። አያ ይመር ተው ያለኝ እሱን ብቻ ነዋ።