ቀድሞ አጨብጫቢው ጎረቤቴ

ስብሰባ ላይ ንግግሩ ሳያልቅ የሚያጨበጭብ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔን የገጠመኝ ጎረቤቴ ነው። ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚሸጡት ጋሽ ወልዴ! "ዴሞክራሲ ለጠገበ ነው፤ መጀመሪያ እንደግ፣ ጥያቄው ይደርሳል" ይላሉ። ዕድገትን ማን ይጠላል? እኔም አልጠላም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈሩ አዳራሽ ተጠራን። ወጣቱ ሰብሳቢ "እዚህ ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ይሠራል፤ ልናድግ ነው!" ከማለቱ ጋሽ ወልዴ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እኛም ተከተልን፤ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ መቀመጥ ማንን ይመቸዋል? ሰብሳቢው ጭብጨባውን እንደ ድምፅ ቆጥሮ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!" አለ። የሚፈርሱት ሱቆች የትኞቹ እንደሆኑ የነገረን ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የጋሽ ወልዴ ሱቅ ሆነ።

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አወጡ። "እ... ማለቴ፣ ጥያቄ ነበረኝ።"

"ጋሼ፣ ጥያቄ የሚቀርበው ከመጽደቁ በፊት ነበር" አለ ሰብሳቢው በትሕትና።

ዛሬ ማዕከሉ በመስታወት ተሸፍኖ ያብረቀርቃል። ኪራዩን የቻሉት ውስጥ ገብተዋል፤ ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን በትከሻቸው ደርበው ደረጃው ላይ ይሸጣሉ። በቀደም አገኘኋቸውና "እንዴት ነው ጋሼ፣ አደግን?" አልኳቸው።

ቀና ብለው ፎቁን አዩት። "ማደጉንስ አድጓል" አሉኝ፣ ጥበቃው ከደረጃው እያስነሣቸው።