ነጩ ሳህን

ትርንጎ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በጀልባ ወደ ሐይቁ መሃል ትቀዝፋለች። በገመድ የታሰረ ነጭ ሳህን ውሃው ውስጥ ትሰድና ከዓይኗ የሚሰወርበትን ጥልቀት በክንድ ለክታ ትመዘግባለች። የምትሠራበት የሐይቅ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ደንብ አጭር ነው፤ ሳህኑ በጥልቀት በታየ መጠን ሐይቁ ንጹሕ ይባላል።

ድሮ ሳህኑ ክንድ ተኩል ሳይወርድ ይጠፋ ነበር። ውሃው በዋቅላሚ አረንጓዴ ነበራ! ዋቅላሚ አንድ በአንድ ቢያዩት ለዓይን የማይሞላ፣ ሲሰበሰብ ግን ሐይቅ የሚያቀልም፣ ዓሣው ሁሉ የሚኖርበት ቀለብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሐይቁ በላይ ጀርም ገዳይ ሳሙና የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ። ከቧንቧው ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ውሃ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል። ቢከረፋ ኖሮ ሰው በጮኸ፤ ጥሩ ሽታን ግን ማን ይከሳል?

አሁን ሳህኑ አምስት ክንድ ወርዶም ይታያል።

«ትርንጎዬ፣ ይሄ እኮ መስታወት ነው!» አሉ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መዝገቡ። «ዓርብ እንግዶች አሉን። ‹ጸድቷል› ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ ለፋብሪካው ሁለተኛ ቧንቧ እንፈቅዳለን።»

አቶ መዝገቡ የጠራ ነገር ይወዳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት እሳቸው ከመጡ ወዲህ ስብሰባውም ጠርቷል። ግማሽ ቀን ሲንጫጫ የሚውለው አዳራሽ ዛሬ በሩብ ሰዓት ይበተናል። ማንንም አልተቆጡም። ጥያቄ ያበዛውን ሁሉ በፈገግታ እያመሰገኑ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት።

ትርንጎ ከአለቃዋ ቢሮ ወጥታ ወደ ዳር ወረደች። ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ሁንዴ መረባቸውን ያጥፋሉ።

«ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው። አረንጓዴው ልጋግ ስለጠፋ መረብ ማጠብ ቀርቶልኛል።»

«ዓሣውስ፣ ቆሮሶው?»

«እሱም ቀርቶልኛል።»

የዚያኑ ቀን ትርንጎ ከፋብሪካው በላይ ካለ ኩሬ አረንጓዴ ውሃ ቀድታ በሁለት ጠርሙስ አደረገች። በአንደኛው ላይ ከቧንቧው አንድ ሲኒ ጨመረችና መስኮቷ ላይ አስቀመጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን አንዱ እንደ ጥንቱ አረንጓዴ ነበር። ሌላው ኩልል ብሎ ጠርቶ፣ ሥሩ ላይ ነጣ ያለ ብናኝ አስቀምጧል።

ዓርብ ሁለቱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር አቶ መዝገቡ የጠራውን ብድግ አደረጉ። «ያ ድሮ፣ ይሄ ዛሬ!» እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«ጥያቄ ያለው?»

የአየር ማራገቢያው ብቻ ይዞራል። ከኋላ የተቀመጡት ዓሣ አጥማጆችም መሬት መሬት ያያሉ።

«ሁሉም ጥርት ብሏል ማለት ነው። ትርንጎ፣ ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ወረቀቱ ላይ ጋደም አደረገችው።

«የቧንቧው ውሃ የገባው በየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም» አለች። «አረንጓዴው ከኩሬው እንደተቀዳ ነው። እጅዎ ላይ ያለው አንድ ሲኒ የቧንቧ ውሃ ጠጥቷል። ሥሩ ላይ ያለው ብናኝ የዋቅላሚው ሬሳ ነው። ሐይቃችን የጠራው እንደዚህ ነው። አልፈርምም።»

አቶ መዝገቡ ፈገግ አሉ። «እናመሰግናለን፣ ትርንጎዬ። ለአንቺ የሚሆን የተሻለ ቦታ…»

«እኔም ጥያቄ አለኝ!» አሉ ጋሽ ሁንዴ ከኋላ ተነሥተው።

አንዲት ጸሐፊ ጉሮሮዋን ጠረገች። በመስኮቱ በኩል ከተቀመጡት መካከል አንድ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ትርንጎ መቁጠሩን ተወችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ይደፈርስ ጀመር።