ላሟ ያመነችው ድሪቶ

ድሪቶ መስፋት የጀመረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መርፌ ከመያዙ በፊት ሕልም ያያል።

የወረታዋ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ለሚወለደው የልጅ ልጃቸው ብርድ ልብስ የሚሆን ድሪቶ ሊሰፉ ተነሱ። ቁርጥራጭ ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ «አረንጓዴው የፎገራ ሩዝ፣ ሰማያዊው ውሃ የተኛበት ማሳ» እያሉ ሲደረድሩ ሰነበቱ። እኔም፣ ቁም ነገረኛው ሰው፣ አጠገባቸው ተቀምጬ በዚያ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ አየሁ፤ አፍሬ ግን አልተናገርኩም። እርጉዟ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ይኼ እኮ ቡትቶ ነው» አለች።

እንዲሞቅ ብለው፣ ጥጥ ቢያጡ በሩዝ ገለባ ሞልተው ሰፉት። አጥር ላይ ባሰጡት በማግስቱ የጎረቤት ላም ጥጉን ተርትራ ገለባውን ስትበላ ደረስን።

«ላባርራት?» አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ፈዘው እያዩዋት፣ «ተዋት» አሉኝ። «ማሳ መሆኑን ያመነችልኝ እሷ ብቻ ናት።»