ማዘዣቸው ዛፍ ነው

እትዬ ንፋስ በየማለዳው ቢሮ ሲገቡ፣ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ መስኮቱን ይከፍቱና መዳፋቸውን ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። አየሩን እንደ ሽንኩርት ይመዝኑታል። ከዚያ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ «ዛሬ ቀለል ብሏል፤ መውጣት ነው!» ይህን ሲሉ ወረቀቶቻችን ቀድመዋቸው ወጥተዋል።

እንደሳቸው ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ራስ ምታትም ይሁን የፍቅር መለያየት፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ዛፍ። የእኛዋ ክብርት የዛፎች ጠቅላይ ተወካይ የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ናቸው፤ ማዘዣቸውም ከሕንፃው ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ጫካ። ጥርሱን ያመመውን ሾፌር «ወጣ ብለህ ቅጠል እይ» ብለውታል። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ እንኳ «እሱም ታፍኖ ነው» ብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። የሚያናድደው፣ ሠራ።

የዛፍ ስም ግን አንድም አያውቁም። ሒሳብ ሹሙ ስንት ተለምኖ አንድ ቀን አብሯቸው ወጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ምን ዛፍ ነው?»

«ጥሩ ዛፍ ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ደህና ነው፤ ትንሽ ኩራት አለበት እንጂ።»

ሒሳብ ሹሙ የአንድ ጫማውን ሶል እዚያው ጥሎ ተመለሰ። «ከእንግዲህ ተፈጥሮን በቴሌቪዥን ነው የማያት» ብሎ ማለ። «አንተን ያጠፋህ ወንበር ነው!» አሉት።

የእኔ ሥራ ስም መጥራት ነበር። ባለጉዳዮች በረንዳ ላይ ይጠብቃሉ፤ ፋይላቸው ሲገኝ መስኮቱ ጋ ቆሜ እጠራቸዋለሁ። ችግሩ፣ ድምፄ ከጥርሴ አያልፍም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ብጠራቸው ሳይሰሙኝ፣ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሰዓት ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ።

«የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። እስከዚያ ድምፅሽ ካልተሰማ እንሰነባበታለን።»

እትዬ ንፋስ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳዘዙልኝ ለመገመት አይከብድም።

ለአንድ ሳምንት በየምሳ ሰዓቱ ጫካው ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና ምንም አላሉኝም። መጀመሪያ ሰዓቴን አየሁ። ቀጥሎ ቅጠሎቹን ሰማሁ። ጉንዳኖች ከእኔ የባሰ አስቸኳይ ጉዳይ ይዘው ጫማዬን ይሻገራሉ። እዚያ ማንም ከእኔ መልስ አይጠብቅም፤ ሰው ሲያየኝ የሚታነቀው ጉሮሮዬ ሳላውቀው ላላ።

በሁለተኛው ሳምንት «እኔ ትንሽ ልዙር። ሰዓቱ ሲደርስ ጥሪኝ፤ ከድንጋዩ እንዳትነሺ» ብለውኝ ዛፎቹ መሐል ገቡ። ሰዓቱ ሲደርስ «እትዬ» አልኩ፣ ለራሴ ያህል። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ቢሮ ስንገባ ሃያ ደቂቃ አርፍደናል።

«አልሰማሁማ!» አሉኝ።

በማግስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን፣ ሃያ ዓመት ያለ ነቀፋ ባገለገሉበት ቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። በአራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«እትዬ፣ በእኔ ምክንያት...»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ። ነገ እንወጣለን።»

በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ ያ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ብድግ አልኩ፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ ሰብስቤ «እትዬዬዬ!» አልኩ። ወፎቹ ግር ብለው ተነሡ። እትዬ ንፋስ ከቀሚሳቸው ላይ ቅጠል እያራገፉ ብቅ አሉ።

«ምን ያስጮህሻል? ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌው ተመለሱ። ፋይላቸውን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ በራቸውን ከፍተው «ማነው የሚጮኸው?» አሉ። ሽማግሌው ግን ከበረንዳው ጥግ ተነሥተው «አቤት!» አሉ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ግጥም ተምሬያለሁ፤ የዚያችን «አቤት» ያህል ያማረ ስንኝ አላጋጠመኝም።

ቋሚ ሆንኩ። ማንም ሳያዘኝ አሁንም ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ።

ስለሳቸው ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ። «እንዳሻሽ ጻፊ፣ የኔ ዓለም። አንድ ነገር ብቻ ተዪልኝ፤ ነገ ሌላ ዓይናፋር ትቀጠርና ታነበዋለች» አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኋላሽ ካለው ዛፍ አልራቅኩም። በሹክሹክታ የጠራሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ።»