ዳው ወልደ ኽሊፋ ጎርፉን ተቀምጦ ያቆመበት ዜና

በዳው ወልደ ኽሊፋ ዘመን፣ ፍየሎቹን በሸጠ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናብ አልጣለም። ገብሱ ሳይበቅል ቀረ። በለሱ ፍሬውን ገና ጥፍር ሲያህል አራገፈው። ጉድጓዶቹ ደረቁ፤ የሚጠጣ ውሃ በቦቴ መጣ። ከመትማታ ተራሮች ሥር ያለው መንደር ወጣቶቹን ወደ ባሕር ጠረፍ ሆቴሎች ሰደደ። ሽማግሌዎች ቀሩ። የዚያ ዓመት ነገር ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት የጅስሩ ጌታ፣ የአንዲቱ ወይራ ጠባቂ፣ ዐቃቤ ፍግ ዳው ስድሳን አልፎ ጉልበቱን ይቆረጥመው ነበር። ጅስሩ በሸለቆ አፍ ላይ የቆመ የአፈርና የድንጋይ ግድብ ነው፤ ጎርፍ ያመጣውን አፈርና ውሃ አስቀርቶ ዛፍና እህል ያበቅላል። ከከተማ የምትመጣው የግብርና ባለሙያ ናጅያ ገለባና የፍየል በጠጥ፣ የወይራ ቅጠልና አመድ ደራርቦ ቢያበሰብስ አፈሩ ትንሿንም ዝናብ ይዞ እንደሚቆይ ብትነግረው፣ ዳው በሰው ፊት ሳቀባት፤ በማግስቱ ግን ዘንቢሉን አንጠልጥሎ፣ የራሱ ፍየል ስላልነበረው፣ ከሰው መንጋ ኋላ ጎንበስ ቀና እያለ፣ በፀሐይም በነፋስም እየለቀመ፣ ዓመት ሙሉ ደክሞ፣ ጥቁርና ለስላሳ የሆነ ታላቅ ክምር አቆመ።

ከዳው ጅስር በታች የሳልሃ ጅስር ነበረ። ሳልሃ የብልቃሲም መበለት ናት። ብልቃሲም በሕይወት ሳለ፣ ዳው ወይራዋን በተከለበት ዓመት፣ አንድ የአህያ ጭነት ፍግ አበድሮት ነበር። ወይራዋ አደገች፤ አበዳሪው ሞተ፤ ዕዳው ግን አላረጀም። ሳልሃም በሠርግ ቤትና በለቅሶ ቤት እንዲህ ስትል አዋጅ ታስነግር ነበር፦

«ስሙኝማ! የኽሊፋ ልጅ የባሌን ፍግ በልቶ ዛፍ አበቀለ! ባለ ዕዳው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!»

ዳውም ከበሩ ሆኖ፦ «ፍየል ልግዛና እከፍላለሁ!» ብሎ ያውጅ ነበር። ክምሩን ከሠራ በኋላ ግን አዋጁን ተወ። ከክምሩ አንድ ዘንቢል እንኳ ለማንም አልሰጠም።

ሌላም ነገር አለ። በድርቁ መካከል ዳው የግድቡ ትርፍ ውሃ ወደ ታች በሚወርድበት በማፋሰሻው ከንፈር ላይ፣ አባቶች ከወሰኑት ልክ በላይ፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ ጨመረ፤ ወደ ሳልሃ የምትወርደውን ጥቂት ውሃ ለራሱ ሊያስቀር ነው። ዝናብ ስላልነበረ ኃጢአቱም ደረቅ ሆኖ ቆየ። ከድንጋዩ በታች፣ በደረቀው መውረጃ ውስጥ፣ ነፋስ አይበትንብኝም ብሎ ክምሩን አኖረ። ውሃ በዚያ ማለፉን ሁሉም ረስቶት ነበርና ማንም አልሳቀበትም።

ወኮነ በወርኀ መጸው፣ በዕለተ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከባሕሩ በኩል ጥቁር ደመና ወጥቶ ተራራውን ሸፈነ፤ ሰማዩም ተቀደደ። ዳው በርኖሱን ተከናንቦ ወጣ። ውሃው ከግድቡ ኋላ ሲተኛ አይቶ ደስ አለው። በግድቡ ታች በኩል ሲያይ ግን ውሃ ከግድቡ ሆድ ይንፎለፎላል፤ የበረሃ አይጥ በስታው ኖሯል። ቀዳዳው መጀመሪያ ጡጫ ያህል ነበር፣ ወዲያው የሰው ራስ አከለ። ድንጋይ ቢወረውርበት ዋጠው፤ በርኖሱን ጠቅልሎ ቢሰገስግበት በርኖሱን ጠጣው። በዚያን ጊዜ የጅስሩ ጌታ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ጀርባውን ወደ ግድቡ መልሶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ወደ ውሃው ገባ፤ ቀዳዳውንም በመቀመጫው ደፈነው።

ግድቡ ቢፈርስ የዕድሜውን አፈርና ወይራዋን ይዞ ይሄዳል፤ የሳልሃንም ጅስር ጠርጎ ይወርዳል። ይህን ያውቃል። ስለዚህ አልተነሣም። ተቀምጦም በአገሩ ረጋታ የሚባለውን የደቦ አዋጅ አወጀ፦

«ረጋታ! ረጋታ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አካፋም ጆንያም ያለህ ይዘህ ድረስ! እኔ መነሣት አልችልም፤ ለምን እንደሆነ መጥታችሁ እዩት!»

ሠራዊቱም ከተተ። በቀኝ ሚስቱ ጃዝያ፣ ሊጥ በእጇ እንደተጣበቀ፤ በግራ ፀጉር አስተካካዩ ቡራዊ፣ ፎጣው በትከሻው፤ ከኋላው ደንበኛው መንሱር፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ለብሶ፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር፤ ከሁሉም ፊት ሳልሃ፣ ዶማዋን ተሸክማ። ውሃው የዳውን ደረት አልፎ ወጣ። ቡራዊም አወጀ፦

«አሚ ዳው፣ አጎቴ! ስንት ዓመት አላስነካም ያልከኝን ጢም ውሃው ሊነካው ነው!»

መድኃኒቱ ለሁሉም ይታይ ነበር። የተጨመረው ድንጋይ ከተነሣ ውሃው በማፋሰሻው ይወጣል። ግን በዚያ አገር የሰውን ማፋሰሻ፣ ባለቤቱ በምስክር ፊት ጮክ ብሎ ሳይፈቅድ፣ የሚነካ የለም። ሳልሃ ዶማዋን ተደግፋ ቆመች፦

«ድንጋይህን ሳትፈቅድ አልነካም! ነገ ሌባ ልትለኝ? ተናገር፣ እነዚህ ይስሙ!»

ዳው አንገቱን ወደ ማፋሰሻው አዙሮ ክምሩን አየ። ዓመት ሙሉ ያጎነበሰበት ነው። ድንጋዩ ከተነሣ ክምሩ ይሄዳል፤ የሚሄደውም ወደ እርሷ ነው። ውሃው ጢሙን ነካ። ጃዝያም አወጀች፦

«አንተ ሰውዬ! ፍግ እንደገና ይሠራል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባል ከየት ላምጣ!»

ያን ጊዜ ዳው አፉን ከውሃ በላይ አድርጎ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦

«ስሙ! ድንጋዩን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ከልኩ አልፌ ነው! አንሺው፣ ሳልሃ! ውሃውም ይሂድ፣ ፍጉም ይሂድ! የብልቃሲም ነው!»

ሳልሃ በዶማዋ ድንጋዩን ገለበጠችው። ውሃው አገሳ፤ ክምሩን እንዳለ አንሥቶ ወረደ። ከዳው ጢምም ከደረቱም ሸሸ። ሠራዊቱ ጭቃና ገለባ በጆንያ እየሞላ ቀዳዳውን ሲደፍን፣ ጀግናው ተጣብቆ ስለነበር በፎጣ አስረው ሳቡት። እርሱ ወጣ፤ ሱሪው ቀረ። ሱሪው እስከ ዛሬ በግድቡ ውስጥ አለ፤ ግድቡም ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን በክብር አበደሩት።

በማግስቱ የሳልሃ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ለብሶ አደረ። መንደሩ ተሰበሰበ። ሳልሃ ከአፈሩ ዘግና አሸተተች፣ በጣቶቿ አሸችው። ከዚያም አህያ ያልተጫነው ፍግ ለጭነት ይቆጠር እንደሆነ ሽማግሌዎቹን በአዋጅ ጠየቀች። እነርሱም ተማክረው፣ ጎርፉ ከዳው ጅስር ጭኖ በሳልሃ ጅስር አራግፏልና አህያ ነው ብለው ፈረዱ።

እርሷም ከቤቷ በሶ በወይራ ዘይት አሽታ አምጥታ፣ ለሠራዊቱ ሁሉ አድላ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለዳው ይዛ፣ በሠርግና በለቅሶ በለመደችው ድምፅ፣ ዛሬ ግን በክብር ስም «ሲ» ብላ፣ አወጀች፦

«ስሙኝ! ጎርፍን የተቀመጠበት፣ ግድብን በሱሪው ያጸና፣ የኽሊፋ ልጅ ሲ ዳው መጣ! ቦታ ልቀቁለት! ብልቃሲም ሆይ፣ ባለህበት ስማ፤ ፍግህ ተመልሷል!»