የሚጣ እንቅልፍ በዕቅድ ሲመራ

በዕቅድ ያልተመራ ነገር ሁሉ ሜዳ ላይ እንደሚቀር ጠንቅቀው ከሚያውቁ ብርቅዬ ሰዎች አንዱ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ያቀደውን ሠርቶ ባያውቅም፣ ሳያቅድ ውሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ አእምሮ በቢሮ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ግፍ ነውና፣ ፈጣሪ አንዲት ሴት ልጅ ሰጣቸው።

ሚጣ ገና ዓመት አልሞላትም። ማታ በጊዜ ትተኛለች፤ ክፋቱ ጎህ ሳይቀድ መነሣቷ ነው። ስትነሣም አታለቅስም፤ የአልጋዋን ፍርግርግ ይዛ ትቆምና ለሰፈሩ ሁሉ ንግግር ታደርጋለች። እናቷ አስተማሪ ናት። ከዚያ ሰዓት ጀምራ ስታባብል ታነጋና፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘች ታንጎላጃለች። አንድ ቀንማ ተማሪዎቿ እንዳይቀሰቅሷት በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ሲደርስ ኃላፊው ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰቡ። ቤተሰቡ ማለት ሚስታቸውና አማታቸው ናቸው።

«የችግሩ ሥር ተለይቷል» አሉ ቆመው። «ልጅቷ እንቅልፏን ቀን ላይ እያባከነች ነው። ከነገ ጀምሮ የከሰዓት እንቅልፏ ይታጠፋል። ቀን የቆጠብነውን ንጋት ላይ እንጠቀምበታለን።»

«ልጄ፣ እንቅልፍ እኮ እህል አይደለም፤ ጎተራ አይከተትም» አሉ አማት።

«እማማ፣ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

«ማን አጠናው?»

«እኔ።»

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ድምፁ የእሳቸው ነበር።

ለአፈጻጸሙም የዓመት ዕረፍታቸውን ወሰዱ። የሚጣ ዓይን ሊከደን ሲል ድስት ይደበድባሉ፣ እንደ ፍየል ይጮኻሉ፣ እስክስ ይላሉ። በቢሮ ዘመናቸው እንዲህ ለፍተው አያውቁም። ሚጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጆሮዋን እያሸች፣ ያገኘችውን ሁሉ እየነከሰች ዋለች። በማግስቱ ከወትሮው ቀድማ ተነሣች፤ አሁን ግን ንግግሯን ትታ በእሪታ።

«ይኸው፣ ባሰባት» አለች ሚስት።

«አልባሰባትም። የሰዓት ለውጥ መጥቷል። አቅጣጫው ነው ያልተስተካከለው።»

አቅጣጫውን ለማስተካከል የረፋዱንም እንቅልፍ ሰረዙ።

«ሕፃን ከመጠን በላይ ሲደክመው እንቅልፍ ይሸሸዋል እኮ» አለች ሚስት። «ልጄን አመነመንካት።»

«ዕቅድ መሃል መንገድ ላይ አይከለስም» አሉ ኃላፊው፤ ድስታቸውንም አነሡ።

አንድ ረፋድ ግን ሊጨፍሩ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። ማንኮራፋታቸው መስኮቱን ያርገፈግፈው ጀመር። አማት ብርድ ልብስ ጣል አደረጉባቸውና ሚጣን ወደ ጓዳ ወስደው፣ መጋረጃውን ጋርደው አስተኟት። ረፋድ ተኛች፤ ከሰዓትም ደገመች። አባትም እንዲሁ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም አማት ማንንም አልቀሰቀሱም። ሚጣ ሥጋ መለሰች፤ ሌሊቱንም ፀሐይ እስክትወጣ ለጥ ብላ ማደር ጀመረች።

ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ታጥበው፣ ከረባታቸውን አስረው ሳሎን ቆሙ። «ዕቅዱ ግቡን መቷል» አሉ። «ጽኑ አመራር ባይኖር ይህ ሁሉ አይታሰብም ነበር።» ሚስትና አማት ሚጣ እንዳትነቃ የጓዳውን በር ቀስ አድርገው ዘጉት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ቤቱ በኮቴ ተናወጠ። ሰሞኑን ቀን ቀን ሲተኙ የሰነበቱት ኃላፊ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው፣ በር እየከፈቱና እየዘጉ «አሁንም ተኝታለች? እናንተስ ተኝታችኋል?» ይላሉ።

ሚስት ትራሷን ታቅፋ እናቷ አልጋ ውስጥ ገባች። «አይዞሽ እማዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ዕረፍቱ አለቀ። ሰኞ ቢሮ ይገባል።»

አማት በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኔንስ ያስፈራኝ ቢሮው ነው። እዚያ ቀን ሙሉ ሲተኛ ማን ቀስቅሶት ነው ሌሊት እኛን የሚያስተኛን?»